የመኪናዬ ኮርኒስና የአያ ገላዬ እጅ

መኪናዬ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ገና ሳይደላደል ቀና ይልና «ይኼ ነገር ረገበ እኮ» ይለኛል። አያለሁ እኮ! ዓይን የለኝም እንዴ? ስንት ዓይን እንዳለኝ በኋላ ትሰሙታላችሁ እንጂ፣ ማየቱንስ አያለሁ። የጣራው ጨርቅ፣ ያ ኮርኒስ የምንለው፣ መሀሉ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ወርዷል። «አሠራው» ይሉኛል። ስቆጣ ደግሞ «ምነው? አትናደድ እንጂ!» ይሉኛል። በዚህ በጎንደር ከተማ አትናደድ የሚለኝን ሰው ያህል የሚያናድደኝ ፍጡር የለም። እስቲ ለምን እንደማላሠራው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ይህችን መኪና የገዛኋት ጣሊያን በወጣ ሰሞን፣ ፒያሳ ጋራዥ ከፍቶ ከቀረ አንድ ጣሊያን ነው። ያን ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሞተሯ ሸጋ፣ ጎማዋም ደኅና ነበር። የጣራዋ ጨርቅ ግን ዝናብ ገብቶበት በስብሷል። እኔ ግን ጣራ አላየሁም። ያየሁት አስካለን ነው። አስካለ የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ናት፤ ቤታቸው አዘዞ ነው። ወደድኳት ስላችሁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መዝገብ ላይ የከሳሹን ስም ትቼ «አስካለ» ብዬ ጽፌ ዳኛው ፊት ተዋርጃለሁ። እሷም እንደማትጠላኝ በዘመድ በኩል ሰምቻለሁ። የቀረው አባቷ ነበሩ።

አባቷ ደባት ላይ የዘመድ ተዝካር ነበረባቸው። እኔ አደርስዎታለሁ አልኩ። ሰውየው ጥምጣማቸውን እንደ ተራራ ቆልለው ከጎኔ ተቀመጡ። ከተማውን አልፈን ወለቃ እስክንደርስ ድረስ እንደ አባትና ልጅ ነበርን። ወለቃ ላይ ጎማዬ ጉድጓድ ገባ። ያ የበሰበሰ ጨርቅ ከነአቧራው ተገንጥሎ መሪጌታ ላይ ወረደ። ከላያቸው ሊገፉት ሲታገሉ ጥምጣማቸው አብሮ ተተረተረ። ለማዳን ብዬ የጨርቁን ጫፍ ስስበው የጥምጣሙም ጫፍ አብሮ መጣ። የመሪጌታ ራስ ተራቁቶ ቀረ። መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች አይተው፣ አንዷ እንስራዋን ልትጥል እስክትደርስ ሳቀች።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው እኔ አፌን መክፈቴ ነው። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ብቻ መኪናዋን የሸጠልኝን ጣሊያን፣ ጨርቁን የሸመነውን፣ መንገዱን የቀየሰውን፣ ጉድጓዱን የቆፈረውን ዝናብ ሳይቀር ከነእናታቸው አዳረስኩ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን ሰብስበው፣ በሩን ከፍተው፣ ወደ መጣንበት በእግራቸው ተመለሱ። መኪናዋን አዙሬ በእግረኛ ፍጥነት አጠገባቸው እየነዳሁ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» እያልኩ ለመንኳቸው። አንድም ጊዜ ዘወር አላሉም። ሴቶቹ አሁንም ይስቃሉ።

ሽማግሌ ላክሁ። መልሳቸው ይህ ነበር፦ «ጨርቁ ጥምጣሜን ነካ፣ ይሁን። አፉ ግን ጆሮዬን ነካ። በኅዳር ቁስቋም እኔንና ባለቤቴን ከቤታችን ወስዶ ደብሩ ያድርሰን። ጥምጣሜም ጆሮዬም በደኅና ከደረሱ ልጄን እሰጠዋለሁ። አንዱ ከጎደለ ግን ደጄን እንዳይረግጥ።» ለበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

መጀመሪያ ራሴ ልሥራው አልኩ። የስንዴ ዱቄት በውኃ አፍልቼ ለጠፍኩት። በማግሥቱ ጨርቁ ፀጉሬ ላይ ነበር፤ ጉንዳንም አብሮት። ጣሊያኑ ዘንድ ሄድኩ። ሞተሩ ይሠራል አይደለም ወይ፣ ታዲያ ጣራ ማን ያያል ብሎ ትከሻውን ነቀነቀብኝ። ቅዳሜ ገበያ ያለው ልብስ ሰፊ ደግሞ ጣራውን አውልቀህ አምጣልኝና ልለካው አለኝ። ጣራውን! ኮት መሰለው እንዴ? አንዱ ምስማር ምታበት አለኝ። መታሁበት። ጫፉ በውጪ በኩል ወጥቶ መኪናዋ ጃርት መሰለች።

በመጨረሻ አንድ ሰው አያ ገላዬን ጠቆመኝ። አያ ገላዬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሪ ነው። ነገሩ ገባኝ። ቤተ ክርስቲያኖቻችን ውስጥ ያለው ሥዕል እኮ ብዙው በጨርቅ ላይ ተሠርቶ ግድግዳና ጣራ ላይ የተለጠፈ ነው! ጨርቅ ከጣራ ጋር ማጣበቅ ከሱ የተሻለ ማን ያውቃል? የአያቶቹ ዘመን ጨርቅ እስከ ዛሬ የማንንም ጥምጣም አልነካም።

አያ ገላዬ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና «ጠባብ ደብር ናት» አለ፤ የክርስትና ስሜንም ጠየቀኝ። ከዚያ የበሬ ቆዳ መቀቀል ጀመረ፤ ሙጫው ከዚያ ነው የሚወጣው። ሽታውን አልነግራችሁም። አሮጌውን ጨርቅ ገንጥሎ ጣለ፣ ዝገቱን ፋቀ፣ ነጭ አቡጀዲ ቆረጠ። በጀርባው ተኝቶ፣ እግሮቹን በበሩ አውጥቶ፣ ጨርቁን ከመሀል ወደ ዳር በመዳፉ እያሸ ይለጥፋል። እንዴት ያለ እጅ ነው! ግን ቀርፋፋ። አንዱን ጥግ ለጥፎ ግማሽ ቀን ያየዋል። እኔ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ በላዩ ላይ እቆማለሁ። በሦስተኛው ቀን ሙጫው ወንበሩ ላይ ተንጠባጠበ። ያን ጊዜ «እጅህ ይቆረጥ!» አልኩት። ሌላም ሌላም አልኩት። አያ ገላዬ ከተኛበት ሆኖ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጎን በኩል ለረጅም ጊዜ አየኝና «በበዓሉ ጠዋት ና፤ እስከዚያ ግቢዬን አትርገጥ» አለ። የሚለካኝ መሆኑን በምን አውቄ!

በኅዳር ስድስት ጠዋት ሄድኩ። በሩን ከፍቼ ቀና ብል መላእክት! ጣራው ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊትና ክንፍ፣ ፊትና ክንፍ፤ ዓይናቸው ሁሉ እኔን ያያል።

«አያ ገላዬ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ምነው፣ አይተህ አታውቅም?»

«ማን ሣል አለህ? ለጥፍ ነው ያልኩህ!»

«ጨርቅ ወጥሮ ባዶ መተው በእኛ ቤት ነውር ነው» አለ፤ ብሩሹን እያጠበ። «ደግሞ ለቁስቋም እኮ ነው የምትሄደው።»

ደሜ ፈላ። ግን ፀሐይ ወጥታለች፣ መሪጌታ እየጠበቁ ነው፣ ደግሞ ያ ሁሉ ዓይን እያየኝ ምን ልበል? ዋጥኩትና ነዳሁ።

መሪጌታና ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ከኋላ ተቀመጡ። ወይዘሮ ትርንጎ ቀና ብለው «ውይ፣ ሸጋ ነው!» አሉ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ደገፉ። ጨርቁ ግን ንቅንቅ አላለም። አዘዞ መውጫ ላይ አንድ ሰው አህዮቹን መሀል መንገድ ላይ አቁሞ ጭነት ያስተካክላል። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩ። ከተማ መግቢያ ላይ አንዱ ከብቶቹን ለቀቀብኝ። ዋጥኩ። ነጭ የለበሰ ሕዝበ ክርስቲያን መንገዱን ሞልቶ፣ ጥሩንባ ስነፋ ጭራሽ ቆሞ ያየኛል። ይህንንም ዋጥኩ። የቁስቋምን ዳገት ስጀምር ሆዴ የዋጥኩት ስድብ መጋዘን ሆኗል። ግን ደረስኩ። የደብሩ ዛፍ ታየኝ። አስካለ ከእህቶቿ ጋር ቀድማ በእግር መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። አለቀ፣ ተዳርኩ አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ መሪጌታ ከኋላ «ልጄ፣ ይህ ከመላእክቱ ግርጌ የተደፋው ሰው ማነው?» አሉ።

«የቱ ሰው?»

«ከራሴ በላይ ያለው። ‹ተማኅፀነ ገብርከ ወልደ ሚካኤል› ይላል። የክርስትና ስምህ አይደለም?»

መኪናዋን አቁሜ ዞር አልኩ። መቼም ሥዕል ያሠራ ሰው «ባሪያህ ተማጠነ» ተብሎ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ እንደሚሣል ታውቃላችሁ። ልማድ ነው፤ በዚህ አልከፋም። ኮቴ ነው፣ ባርኔጣዬ ነው፣ አፍንጫዬም ያው አፍንጫዬ ነው። ግን በጎን በኩል ነው የተሣልኩት። ዓይኔ አንድ ነው። አንድ! በእኛ አገር ሥዕል ጻድቅ ፊቱን አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ሰማዕታትን የሚያርድ ወታደር ነው። ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው። የገዛ መኪናዬ ጣራ ላይ ከይሁዳ ጋር መደበኝ!

ከአዘዞ ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ ወጣ። ለአህዮቹ የተቀመጠው፣ ለከብቶቹ የተቀመጠው፣ ሁሉም ባንድ ላይ በአያ ገላዬ ራስ ላይ ወረደ። ተሳላሚው ቆመ። አስካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ስጨርስ መሪጌታ ጥምጣማቸውን ነካ ነካ አድርገው «ይህስ በደኅና ደርሷል» አሉ። ጆሯቸውንም ነኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቄ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለቱንም።

«አንተ፣ ገላዬ ነው ያልከው?» አሉ መሪጌታ።

«አዎ፣ አያ ገላዬ ነው።»

ያን ጊዜ ወይዘሮ ትርንጎ ሳቃቸው አመለጣቸው። መሪጌታ «ዝም በይ» አሉ። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። እየሳቁ አወጡት። መሪጌታ በጉብዝናቸው ለደብራቸው ሥዕል አሠርተው ነበር። ሠሪው ሲያዘገይ ሰደቡት። ሠሪውም ከግርጌ በአንድ ዓይን ሣላቸው። ይኸው ስንት ዘመን፣ መሪጌታ ከዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው ሲያስቀድሱ ጥምጣማቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ የሚያደርጉት ለትሕትና አይደለም ማለት ነው።

«ያ ገላዬ!» አሉ መሪጌታ። ከዚያ ቀጠሉ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የግእዙ ስድብ ከአማርኛው ጋር ተጋባ። የአያ ገላዬን እጅ፣ ብሩሽ፣ የቀቀለውን ቆዳ፣ ቆዳው የተገፈፈበትን በሬ ሳይቀር አዳረሱ። የኔ ስድብ ከዚያ ጋር ሲተያይ ቡራኬ ነበር። ጨርሰው ተነፈሱና ትከሻዬን ያዙ። «ልጄ፣ ይህን ሰው እንዲህ የሰደበልኝ ማንም አልነበረም» አሉ። አስካለ የተሰጠችኝ እዚያው፣ መኪና ውስጥ ነው።

እና አትናደድ ትሉኛላችሁ? ተናድጄ አይደለም ወይ የተዳርኩት?

ከሠርጉ በኋላ አማችና አማት ሆነን በግ ይዘን አያ ገላዬ ዘንድ ሄድን፤ ሁለተኛ ሁለተኛ ዓይናችንን እንዲጨምርልን። «በጎን የተሣለ ፊት ዓይን አይጨመርለትም፤ ፊቱ መዞር አለበት። ፊት ማዞር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ተቀመጡ» አለን። ተቀመጥን። ቀለሙን መፍጨት ጀመረ። ፈጨ። ሰዓት አለፈ። ፈጨ። መጀመሪያ የፈነዱት መሪጌታ ናቸው፤ እኔ ተከተልኩ። በጉን ይዘን ተመለስን።

ይኸው ልጆቻችን ፊደል ጨርሰው ዳዊት ጀመሩ፤ የቆዳው ሙጫም ደክሞት ጨርቁ እንደገና ረገበ። መላእክቱ ተሳፋሪው ራስ ላይ ሊቀመጡ ትንሽ ቀርቷቸዋል። አስካለም እንደናንተው «አሠራው እንጂ» ትለኛለች። ማን ነው የሚሠራው? በዚህ አገር ይህን ሥራ የሚችል ያው አንድ አያ ገላዬ ነው፤ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ዛሬም ቀርፋፋ ነው። እኔም ያው ነኝ። ሄጄ የቀረችኝን አንዷን ዓይን ላስወስድ?