የሊቀ ዘይት አባይነህ ጭቁኝ

ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ብሎ ማለፍ የማይሆንለት ጎረቤት በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የእኛው ጋሽ አባይነህ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር፣ እኔ በሆዴ «ሊቀ ዘይት» ብዬ የሾምኳቸው። በበራቸው ሲያልፍ ያስነጠሰ ሰው ወዮለት። ክንዱን ይዘው፣ ጭቁኝ በሚባለው የዱር ቅጠል ዘይት ውስጥ ካምፎር እንዳለ፣ ሲኒዮል እንዳለ ሳያስረዱ፣ ከዘይቱም ጠብታ ሳያድሉ አይለቁትም። «ቅጠሉን ተወው፤ ዋናው ኬሚካሉ ነው» ይላሉ። እኔማ በበራቸው የማልፈው አፍንጫዬን ይዤ ነበር።

ጭቁኙን ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ራሳቸው ለቅመው ያመጣሉ። ዘይቱን የሚያወጡት ግን በአረቄ ማውጫ ነበርና፣ ማሰሮውና መቃው የታየ ቀን ሰፈራችን ጀጎል ታመሰ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው አው ዑመር ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። «አስተግፊሩላህ፣ በዚህ ዕድሜዎ?» አሏቸው። ሊቀ ዘይት ምንም ሳይከፋቸው ጠርሙሱን በየተራ አፍንጫቸው ሥር ያዙላቸው። ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪወርድ አስነጥሰው፣ አረቄ አይደለም ብለው ፈረዱ። የካምፎሩን ትምህርት ግን ሳይሰሙ አልተለቀቁም።

ከዚያ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ ጡታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። ሐኪሞቹ ዘግይቷል አሉ። ሊቀ ዘይት የዱር ቅጠል ዘይት የካንሰርን ሕዋስ በብልቃጥ ውስጥ ሲገድል ታየ የሚል ጽሑፍ አንብበው ነበርና፣ ጠርሙሳቸውን በነጠላ ጠቅልለው በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ወደምትሠራው የቀድሞ ተማሪያቸው ወደ ፈቲያ ሄዱ። ፈቲያ ሞከረችላቸው። ውጤቱን ሰምተው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሱም።

እትዬ ሙሉነሽ ዘይቱን አጠጣኝ እያሉ ይለምኑ ጀመር። ልጠይቃቸው በሄድኩበት ቀን እኔው ፊት፣ «ለአገሩ ሁሉ ስታድል ኖረህ ለእኔ ትነፍገኛለህ?» አሏቸው።

«በሽተኛውን ሕዋስ ገድሎታል። ጤነኛውንም አብሮ ነው የገደለው፣ ሙሌ» አሉ ሊቀ ዘይት። ስለ ኬሚካሉ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወጥተው የቀረውን ዘይት ቦይ ውስጥ ደፉት።

መንገዱ ጭቁኝ ጭቁኝ ሲሸት ሰነበተ። እትዬ ሙሉነሽ አልሰነበቱም።

ከቀብሩ ወዲህ ማሰሮው ግቢው ውስጥ ተደፍቶ ቀርቷል። ስሸሻቸው የኖርኩት ሰው ዝም ሲሉ፣ ይኼው ሰፈሩ ጨለመብኝ። ትናንት በበራቸው ሳልፍ ሆን ብዬ አስነጠስኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣ እንደማንኛውም ጎረቤት፣ «ይማርህ» አሉኝ።

ጥቂት ቆምኩና ደግሜ አስነጠስኩ።