ክብርት እጅ አልሰጥም

ሰው በማይበረክትበት ሥፍራ ሰው የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ሁሉ አንዲት «እጅ አልሰጥም» ባይ ኃላፊ አያጣም። አይታችኋታል። ሠራተኛው ሻንጣውን እየጎተተ በበሩ ሲወጣ፣ በመስኮቱ ሌላ ለማስገባት የምትታገለዋ ናት። የኛይቱ ግን ማዕረግ ይገባቸዋልና ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን።

ክብርት እጅ አልሰጥም ተራራ ጫፍ ላይ ባለች፣ አውቶቡስ በሳምንት አንዴ እያለከለከ በሚደርስባት የመዝናኛ ከተማ፣ የአንድ ቅንጡ ስፓ ኃላፊ ናቸው። ውሃው ፍል ነው፣ ፎጣው ነጭ ነው፣ ግቢው ሎሚ ሎሚ ይሸታል። የጠፋው የሚያሽ እጅ ነው። ማሳጅ የሚያውቅ ሰው ይመጣል፣ ተራራውን ያደንቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ ይወርዳል። ክብርትነታቸውም በረንዳ ላይ ቆመው አቧራውን እያዩ፣ «ይሂድ። እኔ እንደሆንኩ እጅ አልሰጥም» ይላሉ።

ደግሞም አይሰጡም። አውቶቡስ በሚመጣበት ቀን ፌርማታው ላይ ቀድመው ይገተሩና የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ ይጨብጣሉ። ሰላምታ መስሎት ደስ የሚለው አለ። እሳቸው ግን መዳፉን እያገላበጡ ነው። «ሙቀት አለው። ሥራ አትፈልግም?» አንዴ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰውዬ እንዲህ ተጨብጦ፣ ቧንቧው ጋ ሳይደርስ ነጭ ጋዋን ለብሶ ተገኘ። የመጀመሪያ እንግዳው ከአልጋ ስትነሳ አንገቷ ወደ ቀኝ አልዞር አለ።

«የጥልቅ ማሳጅ ባሕርዩ ነው» አሏት ክብርትነታቸው ዓይናቸውን በጨው አጥበው። «ነገ ወደ ግራም እምቢ ይልና እኩል ይሆናል።»

ሠራተኛው ለምን እንደሚሄድ ከሳቸው በቀር የማያውቅ የለም። መኝታው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው፤ ማሽኑ ሲያጓራ ያድራል። ስልክ አይሠራም። በዚያ ግቢ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም እንግዶች ከታሹ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጋደሙበት የዝምታ ክፍል ነው። በሩ ላይ «ስልክ ክልክል ነው» ብለው ያሰቀሉት ራሳቸው ናቸው። ሰው ሲያጉረመርም፣ «እንግዳ ከፍሎ የሚመጣለትን ጸጥታ እናንተ በነፃ እያገኛችሁ» ብለው ይገረማሉ።

በዚህ ዓይነት ሠራተኞቹ ሄደው ሄደው አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። ሙያውን በወጉ የተማረች ናት፤ እንግዶች «እጀ ወርቅ» ይሏታል። የስፓው ባለቤቶችም እሷ ከሄደች ቤቱን ዘግተው መጋዘን እንደሚያደርጉት ለክብርትነታቸው ቁርጡን ነግረዋቸዋል። እንግዲህ በአውቶቡሱ ቀን ጠዋት እጀ ወርቅ ሻንጣዋን ይዛ በረንዳው ላይ ብቅ አለች።

«ልጄን እናቴ ጋ ትቼ ነው የመጣሁት፣ እትዬ» አለች። «ባለፈው ስሄድ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀችብኝ። ድምፄን ረስታዋለች።»

«ልጅ እንደዚያው ነው፤ ይለመዳል» አሉና ሻንጣውን ሊነጥቋት እጃቸውን ሰደዱ። ጨበጡት፤ ግን አልነሳ አላቸው። ሰው በጠፋበት ሰሞን፣ ለባለቤቶቹ ሳይናገሩ ጋዋን ለብሰው እንግዳውን ሲያሹ የከረሙት ራሳቸው ነበሩ። አውራ ጣታቸው አብጦ ድንች አክሏል።

እጀ ወርቅ አየችው። ከታች ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሻንጣዋን አስቀምጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣ «ይምጡ እስቲ። እጅዎን ይስጡኝ» አለቻቸው።

«እኔ እንደሆንኩ እጅ...» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም።

ሰጡ። አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው፣ ጣት በጣት ታሹ። እንባቸው የመጣው ከሕመሙ ይሁን ከእፎይታው እሳቸውም አላወቁም። ሰው ሲያስታሹ ኖረው አንድም ቀን ታሽተው አያውቁም ነበር።

«በየቀኑ ከምሳ በኋላ» አሉ፣ «የዝምታውን ክፍል ውሰጂው። ስልክሽን ይዘሽ ግቢ።»

«ክልክል ነው የሚለውስ?»

«እሱን እኔ አወርደዋለሁ። በዚህኛው እጄ።»

አውቶቡሱ ያለ እጀ ወርቅ ወረደ።

አሁን ከምሳ በኋላ ከዝምታው ክፍል አንዲት ሴት እንደ ድመት ስትጮህ፣ ቀጥላም እንደ ዶሮ ስታስካካ፣ ከስልኩ ወዲያ ማዶም የሕፃን ሳቅ ሲመልስላት ይሰማል። አንድ እንግዳ ዓይኑን አፍጥጦ መጥቶ ነበር። «ልዩ አገልግሎት ነው፤ ለርስዎ አልታዘዘም» ብለው መለሱት ክብርትነታቸው፣ በሩ ላይ ወንበር ዘርግተው እንደተቀመጡ። ሰው እንዳይገባ እየጠበቅኩ ነው ባይ ናቸው፤ ዶሮዋ ስትመጣ ግን ከሕፃኗ ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ናቸው።

ወደዚያች ከተማ የወጣችሁ ዕለት፣ አንዲት ሴትዮ ፌርማታው ላይ ጨብጠው መዳፋችሁን ማገላበጥ ቢጀምሩ፣ እጃችሁን አትንጠቁ። እናንተም ቀስ ብላችሁ ጨብጧቸው፤ አውራ ጣታቸውን ያማቸዋል።