ግሷ ሽማግሌ የላከችብኝ ቀን

ትናንት፣ የበላሁት ምሳ ገና ከጉሮሮዬ ሳይወርድ፣ ጉድ የሆነ ሕልም አየሁ። አስቀድሜ ልናገር፤ ልጄን ማኅደርን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ከሰማሁ ጀምሮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ «አይሆንም» ማለትን ስለማመድ ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷን ሰጥቼ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው?

በሕልሜ ግን ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ፣ ድሬዳዋ ውስጥ አባቶችን የሚድሩት ሴት ልጆች ሆነው አረፉት። ማኅደር የእኔ ወንበር ላይ ተኮፍሳ ተቀምጣለች፤ እኔ ጓዳ ገብቼ እየተሽኮረመምኩ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። ጋቢ የለበሱ ሦስት በጎች ገቡ። የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ አቶ ቦጋለ ደግሞ ለድግሱ ሊታረድ ደጅ ታስሮ ሳር ይግጣል።

«አባትሽን ለልጃችን ብለን ነው» አለ ትልቁ በግ።

ልጃቸው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፋት የኖርኩት የፈረንሳይኛ ግስ፣ ጋርዴ! ትርጉሟ «መጠበቅ፣ ይዞ ማቆየት» ነው። ኮፍያዋን አውልቃ እጅ ነሳች።

«መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር!» አለች ማኅደር።

«ዘሬ ከጀርመን ወገን ነው» አለች ግሷ። «ፍራንኮች በሚባሉት የጥንት ጀርመኖች ቤት ስወለድ ስሜ ዋርዶን ነበር። ፈረንሳይ ኬላ ላይ ፈታሾቹ ‹ወ› እዚህ አያልፍም ብለው ቀሙኝና ‹ገ› ሰጡኝ።»

«ምስክር ነኝ» አለ ሁለተኛው በግ። «‹ወ›ዋ እስካሁን ኬላው ላይ ታስራ ትጮኻለች።»

«ፀባይሽስ?»

«የአንደኛ ምድብ ግስ ነኝ እመቤቴ፤ ሥርዓት አላፈርስም። ‹እኔ› ቢመጣ፣ ‹አንተ› ቢመጣ፣ ‹እነሱ› ቢግተለተሉ፣ ጫፌን እንደ እንግዳው አስተካክላለሁ እንጂ ግንዴ ንቅንቅ አይልም።»

እውነቷን ነው! ሌሎቹ ግሶች ስንቱን ተማሪ ሲያስለቅሱ እሷ አንድ ቀን አላሳፈረችኝም።

ማኅደር ግን አንገቷን ደፋች። «አባዬን ሰጥቼ እኔ ከማን ጋር ልኖር ነው?» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከጓዳ ዘልዬ ወጣሁ።

«አንቺ ልጅ፣ የተዳረ ሰው ሞተ እንዴ? እየመጣሁ አይሽ የለም ወይ? እሺ በያቸው! እሺ! ሰጥተናል!» ብዬ ጮኽኩ።

እልልታ ቀሰቀሰኝ። ሶፋዬ ላይ ነኝ። ፊት ለፊቴ ሦስት ሽማግሌዎች፣ በግ ያልሆኑ፣ ቆመው ይመርቁኛል። ለካ የልጃቸውን ሰባት ቤት እየቆጠሩልኝ፣ አራተኛው አያት ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሯል።

«መምህር ይርዳው፣ ዕድሜ ይስጥዎ!» አሉ ትልቁ። «ስንት ቤት ለምነናል፤ ቆጠራው ሳያልቅ እንዲህ ጮኾ የሰጠ አባት ግን አላየንም።»

«አይሆ…» ብዬ አፌን ከፈትኩ። ማኅደር ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አፌን መልሼ ዘጋሁና፣ ምርቃቱ ሲያልቅ «አሜን» አልኩ።