አማቴና ለብቻው የሚከፈልበት ቡጢ

የዘንድሮ ቴሌቪዥን ነገረ ሥራው ግራ ነው። በየወሩ እየከፈላችሁ ታኖሩታላችሁ፤ ዋናውን ነገር ልታዩ ስትቀመጡ «ይሄ ለብቻው ነው» ይላችኋል። ምሳ ጋብዞ የጨው እንደሚያስከፍል ሰው ማለት ነው። ድራማው ለብቻው፣ ኳሱ ለብቻው፤ ቡጢውማ የዶሮ ሳይሆን የበግ ዋጋ ነው። እኔ እንኳን ልከፍል፣ የሚከፍለውንም ስታዘብ ነው የኖርኩት። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ።

ባለቤቴ ሜሮን በሥራ ቀን ሄንደርሰን ከተማ ጥርስ ሐኪም ቤት ታካሚ ትቀበላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የቡጢ ግጥሚያ ሰዓት ያዥ ናት። ዙር ሲጀመርም ሲያልቅም ሰዓቷን እያየች ደወል ትመታለች። የማለቂያውን ስትመታ ያ ሁሉ ጡንቻ እንደ ተማሪ ወደየጥጉ ይሄዳል። በላስ ቬጋስ፣ የኔ ሚስት! ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በቴሌቪዥን ለሚተላለፈው ትልቅ ግጥሚያ ተመደበች። ታዲያ አልከፍልም?

ችግሩ አማቴ ናቸው። እማማ አስቴር የጸሎት ሰው ናቸው። ሜሮን ቡጢ ዘንድ ምን እንደምትሠራ ጠይቀው አያውቁም፤ ቸርች ውስጥ ሲጠየቁም «ጥርስ ሐኪም ቤት ናት» ብለው ያልፉታል። ይሄ ሜሮንን ያማታል። የዚያን ቀን ስትወጣ «እማዬ አንድ ቀን እንኳ ብታየኝ» አለችኝ። ለመንኳቸው።

«እርስዎ ልጅዎን ብቻ ይዩ፤ ቡጢውን እኔ አይልዎታለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

ዙር ሲጀመር ዓይናቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ሲያልቅ ይገልጣሉ። በበግ ዋጋ እረፍቱን ብቻ አዩ። ካሜራው ደግሞ ሜሮንን ጨርሶ አያሳይም። ቦክሰኛ፣ አሠልጣኝ፣ እንደገና ቦክሰኛ።

«ታዲያ ልጄ የታለች?» አሉ።

በአምስተኛው ዙር አንደኛው ቦክሰኛ ገመዱ ላይ ተለጥፎ ይደበደብ ጀመር። እማማ የሕዝቡ ጩኸት አስደንግጧቸው ነጠላቸውን ገለጡ።

«ወይኔ የሰው ልጅ! ኧረ የሚያስጥለው የለም?»

ቃላቸው ሳያልቅ ደወሉ ጮኸ። ደብዳቢው እጁን ሰብስቦ ወደ ጥጉ ሄደ።

«ሜሮን ናት!» አልኳቸው። «ደወሉን የመታችው እሷ ናት።»

ብድግ አሉ። «የኔ ልጅ? ልጄ ናት ያስጣለችው?» እልልታውን አቀለጡት። የምንኖርበት የፓራዳይዝ ሰፈር አፓርታማ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ደበደበብን። ይደብድብ! እሳቸው ያለቅሳሉ፣ እኔ ደረቴ ሸሚዜን ሊቀድ ደርሷል። ወዲያው ለቸርች ጓደኛቸው ደወሉ። «ልጄ ሥራዋ ምን መሰለሽ? ሰው ማስጣል!»

ስልኩን ሳይዘጉ ደወሉ እንደገና ተመታ፤ ሁለቱ ሰዎች ተያያዙ። እማማ ዞር ብለው አዩኝ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«ዝም በል» አሉኝ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እየሳቡ። «ይሄኛውን የምትመታው ሌላ ናት።»