ቁልቁለት ላይ ያመለጠኝ ዘፈን

ሰው የሚፈራውን መርጦ አይፈራም። እባብ የሚፈራ አለ፤ ውሻ የሚፈራ አለ፤ እኛ ሰፈር እንኳ ጣሪያ ላይ እንደ ድመት የሚራመድ፣ መርፌ ሲያይ ግን ተዝለፍልፎ የሚወድቅ አናጢ አለ። እኔ የምፈራው ጥያቄ ነው። እሱም አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «የምትወደው ዘፈን የትኛው ነው?»

አትሳቁ። ለእናንተ ይህ የጨዋታ መክፈቻ ይሆናል። ሆሳዕና ውስጥ ዘፈን ኃጢአት በሚባልበት የወንጌል አማኝ ቤት ላደገ፣ ያውም የመዘምራን መሪ ለሆነ ሰው ግን ጥያቄው ከምርመራ ክፍል አይተናነስም። «ዘፈን አልሰማም» ብትሉ ማን ያምናችኋል? ዓይን ቆብ አለው፤ ጆሮ ክዳን የለውም። ሱቁ ይዘፍናል፣ ፀጉር ቤቱ ይዘፍናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሙሽራ መኪና ከተማውን ሦስት ጊዜ እየዞረ ይዘፍናል። አንዱን ዘፈን መርጣችሁ «ይህን እወዳለሁ» ካላችሁ ደግሞ አለቀላችሁ። ስለዚህ እንደኔ ዓይነቱ ሰው አንድ ዘዴ አለው፤ የሚወደውን አይናገርም፣ የሚጠላውን ይናገራል። ጥላቻ ማንንም ከመዘምራን አስወጥቶ አያውቅም።

እኔም አጥብቄ የምወደውን ዘፈን ነበር አጥብቄ የምጠላው።

ያን ዘፈን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በፊት ልብስ ሰፊ ቤት ቁጭ ብዬ ሱሪዬ እስኪያጥር ስጠብቅ ነው። ውጭ ዝናብ ይጥላል። ሰፊው ሱሪውን አጣጥፎ ሰጠኝ፤ ሱሪው አለቀ፣ ዘፈኑ ግን አላለቀም ነበርና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስለ አንድ ጃንጥላ ነው የሚያወራው፤ ጃንጥላውን ለልጅቷ ሰጥቶ ራሱ ስለበሰበሰ ሰው። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የቧንቧውን ውሃ ለቅቄ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፌ ሳንጎራጉረው ኖሬያለሁ። በአደባባይ ግን «እንዲህ ያለ ቀሽም ዘፈን!» ባይ እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምት የመምህራን ሥልጠና ላይ ዱራሜ ሰንብቼ ስመለስ ነው ጉዱ የፈላው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከምሳ በኋላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጋቢና ስመለከት ማን ተቀምጧል? ጋሽ ሀንዲሶ! የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሲያስነጥሱ እንኳ ምዕመኑ «አሜን» ሊል የሚቃጣው ሰው። ሰላም ብያቸው ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ከጎኔ ሆሳዕና ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ወይዘሮ ከድጃ ነበረች፤ ዱራሜ ያገባች ልጇን ጠይቃ ትመለሳለች። ዝምታ የማይስማማት ሴት ናት። ከከተማው ገና ሳንወጣ፦

«እንግዲህ እንደ ድንች ማዳበሪያ ተጭነን ዝም ልንል ነው? በሉ ሁላችሁም፣ የምትወዱትንና የምትጠሉትን ዘፈን ንገሩኝ!» አለች።

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እሷው ጀመረች። የሰርግ ዘፈን ነፍሷ ነው፤ የምትጠላው አንዲት ቃል ይዞ ሩብ ሰዓት የሚያላዝነውን ነው። አንዲት ነርስ ክራር ያለበት ሁሉ ደስ እንደሚላት ነገረችን፤ የሚያለቅስ ዘፈን ግን አትችልም፣ ለቅሶውን ሥራ ቦታ ትጠግበዋለችና። አንድ የሺንሺቾ ገበሬ ደግሞ መዝሙር ብቻ እንደሚሰማ ተናግሮ፣ «በአማርኛ ሲሆን ጭንቅላቴን፣ በከምባትኛ ሲሆን ሆዴን ነው የሚያገኘኝ» አለ። እንዲህ እየተዛመተ መጥቶ እኔ ዘንድ ደረሰ። በዚህ ቅጽበት፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ከሹፌሩ ቴፕ የጃንጥላው ዘፈን ጀመረ።

*ዝናቡም አባራ፣ መንገዱም ደረቀ፤*
*ያንቺ ፊት ብቻ ነው፣ እስካሁን ያልሳቀ።*

የጋሽ ሀንዲሶ ማጅራት ፊት ለፊቴ ነው። ጆሯቸው የተቀሰረ መሰለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ በእኚሁ ሰው ሰብሳቢነት ቤተልሔም የምትባል ዘማሪያችንን ለሦስት ወር ከመዘምራን አግደናል። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? በስብሰባ መሐል ስልኳ ጮኸ፤ የስልኳ ጥሪ የፍቅር ዘፈን ነበር። በኮሚቴው ውስጥ ሰባት ነን። እጅ ሲወጣ የእኔም ወጣ። ለምን ወጣ? ሳይወጣ ቢቀር የሚያዩኝ ስድስት ሰዎች ስለነበሩ ነው።

«እኔ የምጠላው ይህንን ነው» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አሁን የሚጮኸውን! ወንድም ሹፌር፣ እባክህ ዝጋልን። ጆሮ ያቆሽሻል።»

ሹፌሩ ዘሪሁን ይባላል። በመስታወት አየኝ፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። «ይሁን መምህር» ብሎ ፍላሹን በንዴት ሲነቅለው ከእጁ አምልጦ መቀመጫው ሥር ተንከባለለ። ጋሽ ሀንዲሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። መስማማታቸው ነው ብዬ ተነፈስኩ።

አንጋጫን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጭጋጉ ወረደ። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድበዋል። በስተቀኝ ገደል ነው፤ ታችኛው የእንሰት ማሳ በጭጋግ ተውጦ ጫፉ ብቻ ይታያል። መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ተሰማኝ። መንገዱ የተጣመመ መስሎኝ ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።

«ዘሪሁን!» አለች ከድጃ፤ እንደ ጥይት ጮኸች።

መሪው ተወዛወዘ፣ ጎማው ጠጠር ላይ ተንሸራተተ፣ ተመለስን። ዘሪሁን ፊቱን በመዳፉ እያሸ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ። «ትናንት ቀንና ሌሊት የሰርግ አጃቢ ሳመላልስ ቆይቼ ዓይኔን ሳልከድን ነው የወጣሁት። ያቺ ዘፈን ነበረች ነቃ የምታደርገኝ።»

«ቁም በቃ!» አለ ገበሬው።

«እዚህ ጭጋግ ውስጥ ብቆም ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ይጨፈልቀናል። ቁልቁለቱን ልጨርስና ሜዳው ላይ እቆማለሁ። አውሩኝ ብቻ፣ አታስተኙኝ።»

ነገሩ እውነት ነው። መቆሚያ የለም። ፍላሹን ፍለጋ ሁላችንም ጎንበስ አልን፤ የት እንደገባ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። የእኔ ስልክ ባትሪው አልቋል። የሌላው ስልክ ዘፈኑ የለውም፣ ኔትወርክም የለም።

«መምህር፣ አንተ አይደለህ ያዘጋኸው? አንድ ነገር በል እንጂ!» አለችኝ ከድጃ።

የመዘምራን መሪ አይደለሁ? መዝሙር ጀመርኩ። ነገር ግን ፍርሃት ሲይዘኝ የሚመጣልኝ የለሆሳስ መዝሙር ነው፤ ሕፃናትን ስናስተኛ የምንዘምረው ዓይነት። ሁለት መስመር ሳልሄድ የዘሪሁን አገጭ ደረቱ ላይ ወረደ። ነርሷ ከኋላ ትከሻውን ጨምድዳ ቀሰቀሰችው። ጋሽ ሀንዲሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ከፊታችን ሁለት የጭነት መኪና መብራቶች ከጭጋጉ ውስጥ እንደ አውሬ ዓይን ብቅ አሉ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። እመኑኝ፣ በዚያች ቅጽበት ሁለት ፍርሃቶች ይዘውኝ ይጓተቱ ነበር። አንደኛው ገደሉ ነው። ሁለተኛው ከፊቴ ያለው ማጅራት ነው። የሚያሳፍረው፣ ሁለተኛው ለጥቂት ጊዜ አሸንፎ ነበር። ዘፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ፣ አሥራ አንድ ነፍስ ቁልቁል እየወረደ ነው፣ እኔ ግን «ጋሽ ሀንዲሶ ምን ይሉኛል?» እያልኩ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። እኛ ብቅል አንጠጣም፤ የእኛን ገደል ነው የሚያወጣው።

«ዝናቡም አባራ!» ብዬ ጮኽኩ።

ዘፈን አይባልም፣ እሪታ ነበር። የዘሪሁን ትከሻ ቀና አለ። ከድጃ ማጨብጨብ ጀመረች። «መንገዱም ደረቀ!» መንገዱ እንኳን ሊደርቅ ጎርፍ ሆኗል፤ እኔ ግን ዘፈንኩ። የጭነት መኪናው ጭቃውን በመስኮታችን ላይ ረጭቶ አለፈ። ሁለተኛውን ስንኝ ቀጠልኩ፣ ሦስተኛውን፣ አዝማቹን ደገምኩ፣ ድምፄ ተሰነጠቀ። ገበሬው ሳይቀር «ያንቺ ፊት ብቻ ነው»ን ተቀበለኝ። ዘሪሁን መሪውን እየደበደበ «በለው መምህር!» ይላል። ማየት የፈራሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጋሽ ሀንዲሶን ማጅራት። ያ ማጅራት አልተንቀሳቀሰም።

ሜዳው ላይ ደርሰን ቆምን። ዘሪሁን መሪው ላይ ተደፍቶ አንድ ሰዓት ያህል አንኮራፋ፤ እኛ አንዲት ሱቅ ጥግ ተጠልለን ጠበቅነው። ከድጃ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችና፣ «ስትጠላው እንዲህ ካወቅኸው፣ ብትወደው ምን ልትሆን ነው?» ብላ ሳቀች። ጋሽ ሀንዲሶ ከሰው ተለይተው ዝናቡን ያያሉ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ሆሳዕና ስንወርድም አልተናገሩኝም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳምንት አትጠይቁኝ። እሑድ መዘምራኑን ስመራ ዓይኔ ከጋሽ ሀንዲሶ ፊት ላይ አልነሳ አለኝ። የቤተልሔም ቦታ ባዶ ነው፤ ቀጥሎ የሚለቀቀው የእኔ እንደሆነ ታወቀኝ። ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሀንዲሶ ናቸው። «ከሥራ ስትወጣ ቤት ብቅ በል» አሉኝና ዘጉት። የዚያን ቀን በክረምቱ ማጠናከሪያ ክፍል ሰሌዳው ላይ ሁለት ሲደመር ሦስት ብዬ ስድስት ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ሲስቁ ነው የባነንኩት።

ሳሎን አስቀመጡኝ። በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ማርቆስ» አሉ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው። «የዚያን ዕለት ነገር ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም ጋሼ። እኔ እኮ ነፍስ ለማዳን ብዬ እንጂ...»

«እሱ ይቅር። ስለ እኔ ለማን ተናገርክ?»

«ስለ እርስዎ?»

«ከንፈሬ ይንቀሳቀስ አልነበር? በመስታወት አላየኸኝም?»

ሲጸልዩ ነበር ብዬ ልምል ስል ፊታቸውን አየሁት። የሽማግሌው ግንባር በላብ ወርዝቷል። ለካ ሳምንቱን ሙሉ እኔ እሳቸውን ስፈራ፣ እሳቸው እኔን ሲፈሩ ኖረዋል።

«ደግሞ» አሉ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው፣ «ሁለተኛውን ስንኝ ገልብጠኸዋል። ጃንጥላውን የሰጠው እሱ፣ የበሰበሰው እሱ። አንተ ልጅቷን አበሰበስካት። ላርምህ ብዬ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ መሰለህ።»

ይህን እንዳሉ ከወጥ ቤት በኩል ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ ተሰማ፦

*ጃንጥላዬን ሰጥቼ፣ እኔ በሰበስኩኝ፤*
*አንቺ ቤትሽ ገብተሽ፣ በሩ ላይ ቀረሁኝ።*

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ናቸው። ጋሽ ሀንዲሶ እንደ ሐውልት ደረቁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብረው ሲኖሩ ባል ሚስታቸው፣ ሚስትም ባላቸው ይህን ዘፈን እንደሚያውቁት አያውቁም ነበር። እትዬ አስቴር በሩን ገፋ አድርገው ብቅ አሉና እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እያደረቁ፣ «እኔ የምለው፣ ያቺን ልጅ ግን በምን ጥፋት ነበር የቀጣችኋት?» አሉን።



በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጋሽ ሀንዲሶ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የእህታችን የቤተልሔም ቅጣት ይነሳ የሚል ሐሳብ አለኝ» አሉ። ምክንያት አልሰጡም። እኔም «የተነሳበት ምክንያት ምንድን ነው?» የሚል ሰው እንዳይመጣ አንገቴን ደፍቼ መጸለይ ጀመርኩ። ማንም አልጠየቀም። ሰባት እጅ እንዲህ ተሽቀዳድሞ ሲወጣ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የቀሩት አምስቱም በየፊናቸው አንድ አንድ ቁልቁለት ሳይወርዱ አልቀሩም ብዬ ጠረጠርኩ።

ለቤተልሔም ዜናውን የነገርኳት እኔ ነኝ። ሌላውንም ነገርኳት፤ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ሚኒባሱን፣ ዘፈኑን፣ ያወጣሁትን እጅ። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «አውቃለሁ መምህር» አለች። «እናቴ የወይዘሮ ከድጃ ደንበኛ ናት። በማግስቱ ነው የሰማነው።»

«ታዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ? ብትናገሪ ኖሮ እኔም...»

«ሰው ፊት ቆሞ ለጥያቄ መልስ መስጠት እንዴት እንደሚያስፈራ ስለማውቀው ነው» አለችኝ።

እሑድ ቦታዋ ላይ ቆመች። ምልክት ለመስጠት እጄን ሳነሳ ያው እንደ ልማዴ መጀመሪያ የጋሽ ሀንዲሶን ፊት አየሁ፤ ፍርሃት እንደሆነ በአንድ ሳምንት አይለቅም። ከመዘምራኑ ሁሉ ቀድማ፣ ድምፅዋን ሳትቆጥብ የጀመረችው እሷ ነበረች። እኔ ተከተልኳት።