አንዲት ወለተ ማርያም ብቻ

(ካምፓላ፣ ንቲንዳ፣ የኪሩ ቢሮ። በወረርሽኙ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ፣ ኪሩ ምእመናን የሙታናቸውን የክርስትና ስም ለጸሎት የሚያስመዘግቡበት ድረ ገጽ ሠርቷል፤ አባ ስሞቹን ከዚያ ያነባሉ። ነገ የዘርፈሽ እህት አርባ ነው። ዘርፈሽ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች።)

ዘርፈሽ፦ አሁንም እምቢ አለኝ።

ኪሩ፦ እምቢ አላለሽም። «ወለተ ማርያም ተመዝግባለች» ነው ያለሽ።

ዘርፈሽ፦ እኔ አላስመዘገብኳትም።

ኪሩ፦ ሌላ ሰው አስመዝግቧል።

ዘርፈሽ፦ የእኔን እህት?

ኪሩ፦ ወለተ ማርያምን።

ዘርፈሽ፦ ማን ይሆን ደጉ ሰው? ላመስግነው።

ኪሩ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) እትዬ ዘርፈሽ፣ ሌላ ወለተ ማርያም ናት። አንድ ስም ሁለቴ እንዳይገባ እኔ ነኝ የዘጋሁት። መዝገብ ጥራት ይፈልጋል።

ዘርፈሽ፦ እህቴስ?

ኪሩ፦ ስሙ ይጠራል እኮ! አባ ነገ «ወለተ ማርያም» ሲሉ አብረሽ አሜን በያ።

ዘርፈሽ፦ በሰው ጸሎት? እህቴ በሕይወቷም ሳትጠራ የሰው ቤት ሄዳ አታውቅም።

ኪሩ፦ እሺ፣ የክርስትና ስሟን ብትቀይሪውስ?

ዘርፈሽ፦ ማን ያጥምቃት? ሞታለች እኮ።

(ኪሩ ወደ ማያ ገጹ ይጠቁማል።)

ኪሩ፦ ችግሩ ኮምፒውተር ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ስም መለየት አይችልም።

ዘርፈሽ፦ እኔ እችላለሁ። ኪዋቱሌ ሰፈር፣ ደጃፌ ላይ የሚቆሙት ሁለቱም ባለ ቦዳ ሞተሮች ጆሴፍ ይባላሉ።

ኪሩ፦ ታዲያ ምን ብለሽ ትጠሪያቸዋለሽ?

ዘርፈሽ፦ አንዱን «ባለ ቀይ ሄልሜቱ ጆሴፍ» እለዋለሁ።

ኪሩ፦ ሌላ ቀይ ሄልሜት ሰፈሩ ውስጥ የለም?

ዘርፈሽ፦ ሞልቷል። ጆሴፍ አይባሉም እንጂ።

ኪሩ፦ (ብድግ ብሎ) ልልሽ የነበረው ይህንኑ ነው! ስም ለብቻው ይደገም፤ ያረፉበት ቀን ለብቻው ይደገም፤ መከልከል ያለበት ሁለቱ አንድ ላይ ሲደገሙ ብቻ ነው። ይህ ለማንም የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ዘርፈሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

(ኪሩ ጎንበስ ብሎ ደንቡን ያስተካክላል። ዘርፈሽ የእህቷን ስምና ያረፈችበትን ቀን ትጽፋለች።)

ዘርፈሽ፦ ተመስገን፣ ገባች! ግን ወለተ ማርያም የተባሉት ሁለት ብቻ ናቸው እንዴ? ይሄ ሁሉ ሐበሻ ካምፓላ እያለ?

ኪሩ፦ ብዙ ነበሩ። ደንቡን ሳወጣ የተደጋገሙትን አጥፍቼ አንዷን አስቀረሁ።

ዘርፈሽ፦ የማንን?

ኪሩ፦ ቀድማ የገባችውን። የእነ ልደቱ አያት መሰሉኝ።

ዘርፈሽ፦ እናትህስ? እሳቸውም ወለተ ማርያም አልነበሩ?

(ኪሩ ማያ ገጹን ያያል። ከላይ እስከ ታች ያያል። እንደገና ከላይ ይጀምራል።)

ኪሩ፦ እስቲ ተነሺልኝ፣ እትዬ።

ዘርፈሽ፦ አንተ ተቀመጥ፣ እኔ እጽፍልሃለሁ። ስም፣ ወለተ ማርያም። ያረፉበት ቀን?

ኪሩ፦ እሱማ… መዝገቡ ላይ ነበር።