ጉንጭ ላይ የታተመች አበባ

ግትር ወዳጅ ኖሯችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ። ጀማል ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው፤ እዚህ ሐርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ዳር አብረን አናጢነት እንሠራለን። ጦርነቱ ከተማውን ካፈራረሰው ወዲህ ሰዉ በሙሉ በርና መስኮት ሥሩልን ይለናል፤ ጀማል ግን ባዶ እንጨት አይቶ ካልቀረጸበት ሞቶ ይገኛል።

አንድ ቀን ድሬዳዋ ያደጉት ጎረቤታችን ሐጂ ዑመር ከፈረሰ ቤታቸው ያወጡትን የአያታቸውን ጠመንጃ ይዘው መጡ። ባሩድ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ሰደፉ የተሰበረ ሽማግሌ ነው።

"አዲስ ሰደፍ ከነጌጡ ሥራልኝ። የቤቴንም በር አደራ" አሉት ጀማልን።

ጣሪያ ለሌለው ቤት የጠመንጃ ጌጥ ምን ይፈይዳል? ብል ማን ሰምቶኝ!

ጀማል ሰደፉን ሐረግ በሐረግ አደረገው። ሲያነጣጥሩ ጉንጭ የሚያርፍበት ጋ ሲደርስ ደግሞ ጠርዟ እንደ መጋዝ የሾለ አበባ አወጣበት።

"እዚህ ጋ እኮ ይለሰልሳል እንጂ አይቀረጽም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ።

ሐጂ መጡና እንደ ጎረምሳ ደግነው አነጣጠሩ። ቀና ሲሉ አበባዋ ከነቅጠሏ ጉንጫቸው ላይ ታትማለች! ወላሂ፣ ገበያው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያቸው መሰለኝ።

"ምነው ልጄ?"

"ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፣ ሐጂ። ዳግመኛ ጉንጭ እንዲያርፍበት አልሠራሁትም።"

ሐጂ ጉንጫቸውን እያሻሹ ጀማል ሠርቶ ወዳቆመላቸው በር ዞሩ። በሩም ከላይ እስከ ታች አበባ ነው፤ እጀታው ብቻ እንደ ሐር ለስልሷል።

"ይሄንን ግን" አላቸው ጀማል፣ "በየቀኑ ይያዙት።"